መኪናዬ አቀበት ላይ ነደደች፤ «ሙቀት ነው» የሚለውን መልስ መቀበል አልቻልኩም

የሱሉልታው አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ማታ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ከኮፈኑ ጠርዝ ጭስ፣ ቀጥሎም የነበልባል ጫፍ አየሁ። መኪናዋ ቤንዚንን ከአየር የሚያደባልቅ ካርቡሬተር ያላት አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና የሰባት ዓመት ልጄን ከኋላ ወንበር አውጥቼ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሮጥኩ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሸክማቸውን ጥለው በነጠላቸው አፈር እያፈሱ ደረሱልኝ። ከኋላዬ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይዞ መጣ፤ ኮፈኑን እንዳልከፍት ጮኸብኝና በጠባቡ ክፍተት አስገብቶ ረጨው። እነዚያን ሰዎች እስክሞት አልረሳቸውም።

ከእሳቱ አምስት ቀን በፊት ጋራዥ አስገብቼ የነዳጅ ማጣሪያ አስቀይሬ፣ በዚያው ዕለት ላቫጆ ወስጄ ሞተሩን አሳጥቤ ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ ደግሞ የቤንዚን ሽታ ነበረ፤ ባለቤቴም ነግራኛለች። ጋራዡ ግን ትናንት አይቶ «አሮጌ ናት፣ ሙቀት ነው» አለኝ። ሽቦ ቀይረው፣ ቀለም ቀብተው ሊመልሱልኝ ነው። መንስኤውን ሳላውቅ ልጄን እንደገና አላሳፍርባትም። ምን ልመርምር?

የቡራዩ ሹፌር፦

እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። እኔ የምጠረጥረው ኤሌክትሪክ ነው። የእኔ ሚኒባስ ቆማ ሳለች ነው የጨሰችው። የተጨማሪ መብራቶቹ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ረዳቴ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልሎበት ኖሯል። ፊውዙ ሊቃጠል ሲገባው ሽቦው ነደደ። አላርም ወይም ተጨማሪ መብራት አስገጥመው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

ጡረተኛ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ልጅዎ ተረፈች። የሹፌሩ ጥርጣሬ ከንቱ አይደለም። በተለይ ከባትሪ ሞተሩን ወደሚያስነሣው ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በብዙ አሮጌ መኪኖች ፊውዝ የለውም፤ ልባሱ ተፍቆ ከብረት ከተነካካ እሳት ያስነሣል። የእርስዎ ታሪክ ግን ወደ ነዳጅ ይመራኛል።

«ሙቀት ነው» መልስ አይደለም። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ቢይዘው እንኳ ከ120 ብዙም አያልፍም። ቤንዚን ያለ ብልጭታ በራሱ እንዲቀጣጠል ግን ከ250 ዲግሪ በላይ የጋለ ነገር ይፈልጋል። እንዲህ የሚግለው ከሲሊንደሮቹ ጭሱን የሚቀበለው ብረት ነው፤ አቀበት ላይ ከ400 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሞተር ስለሞቀ ብቻ አይነድም። መፍሰስ የማይገባው ነገር ፈስሶ እዚያ ብረት ላይ ሲደርስ ነው የሚነደው። የቤንዚን ትነት ከሆነማ ከተሰነጠቀ የካንዴላ ሽቦ የምትወጣ ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች።

እስቲ ይንገሩኝ፦ ሞተሩን ሲያጠፉ ነበልባሉ አጠረ ወይስ እንደነበረ ቀጠለ? በእርስዎ መኪና የነዳጅ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ነውና ሞተሩ ሲቆም ግፊቱም ይቆማል። የኮፈኑ ቀለም ክፉኛ የተላጠው በየት በኩል ነው? የአየር ማጣሪያው ክዳን በቦታው ነበር? ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ የተዛባ ሞተር በካርቡሬተሩ በኩል እሳት ይተፋል። ላቫጆው በናፍጣ አጥቦ ጨርቅ ረስቶ እንደሆነም ይፈልጉ፤ እኔ ሁለት ጊዜ አግኝቻለሁ። ጫፉ ቀልጦ እንደ ዶቃ የተንከባለለ ሽቦ ቢያዩ ግን «ይኸው ኤሌክትሪክ ነው» ብለው አይቸኩሉ፤ እሳቱ ራሱ ልባሱን በልቶ ሽቦዎቹን ሊያገናኛቸው ይችላል።

የጭነት መኪናው ሹፌር የሚያውቅ ሰው ነው። ኮፈኑ ብድግ ቢል ኖሮ አየር ገብቶ ነበልባሉ ፊትዎ ላይ ይወጣ ነበር። ውሃም አለመድፋታችሁ መልካም ሆነ፤ ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል።

አሁን ግን ወደ ጋራዡ ይሂዱና ሥራውን ያስቁሙ። ቀለም ከተቀባ የሚታይ ነገር አይቀርም።

የሱሉልታው አባት፦

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አስቆምኳቸው። ነበልባሉ ሞተሩን ሳጠፋ ወዲያው አጥሮ ነበር፤ አሁን ሳስበው ትዝ ይለኛል። ቀለሙ የተላጠው ከካርቡሬተሩ በላይ ነው። ከማጣሪያው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ቱቦ የለም፤ ማጣሪያው ላይ የአውራ ጣት ያህል ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። እሱም የቤንዚን ቱቦ አይደለም፤ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚይዙበት ግልጽ ፕላስቲክ ነው! በማጥበቂያ ቀለበት ፈንታ በቀጭን ሽቦ ተጠምዝዞ ታስሯል።

ያን ዕለት ማጣሪያውን የቀየረው ልጅ «ቱቦው አጠረ» ሲል ሰምቼዋለሁ። በምን እንደተካው አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ሽታው ሲመጣም ነዳጅ ስሞላ የፈሰሰ መስሎኝ አለፍኩት። ልጄ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር፤ ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቁራጩን በላስቲክ ቋጥሬ ቤት አስቀምጫለሁ። ነገ ሶማሌ ተራ ወርጄ ትክክለኛውን ልገዛ ነው። ሌላስ ምን ልቀይር?

ጡረተኛ መካኒክ፦

እንግዲህ ተገኘ። ያ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቤንዚን ሲነካው ደግሞ እየደረቀ ይሸማቀቃል፤ በሽቦ የታሰረ ጫፉም ይንሸራተታል። ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ ያለውን ላስቲክ ሁሉ ይቀይሩ፤ ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመለስበት ቱቦ ካላትም አይርሱት። የቤንዚን መሆኑ ላዩ ላይ የተጻፈበትን ይግዙ፣ ቀለበቱንም አብረው።

ከሥራው በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል። እሳት ያገኘውን ሽቦ በፕላስተር አያስጠቅልሉ፤ ይቀየር። ሲያልቅ በቀን ብርሃን ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል ያስነሡና እጅዎን ከቀበቶው አርቀው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይዩ፣ ያሽትቱም። አቀበቱን መጀመሪያ ብቻዎን ይውጡት፤ ጫፍ ላይ ቆመው እንደገና ያሽትቱ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሲገዙ ደግሞ በኋላ ኮፈን አይቆልፉበት፤ ከወንበርዎ ሥር ይሁን።