ምስር ወጥ በኤሌክትሪክ ፕሬዠር ድስት

ጥያቄ፦ እህቴ ከዱባይ የኤሌክትሪክ ፕሬዠር ድስት ይዛልኝ መጣች። ሥጋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ምስር ወጥ ስሠራ ግን ቁሌቱ ከሥር እየያዘ ማሽኑ ይጮኻል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ እንዲደርስልኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሽንኩርቱን ክዳኑን ሳትገጥሚ አቁላይው። በርበሬው ከገባ በኋላ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርገሽ ሥሩን በእንጨት ማማሰያ ፋቂው፤ የሚያስጮኸው የተጣበቀው በርበሬ ነው። ምስሩ ከዚያ ይግባ። ከግማሽ በላይ እንዳትሞዪው፣ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል።

መልስ፦ ውሃም ቀንሺ የኔ እህት፣ እንፋሎቱ ስለማይወጣ ወጡ ይቀጥናል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጠንካራ ጥራጥሬ በተራ ድስት ቶሎ አይበስልም፤ የፕሬዠር ድስቱ ጥቅም በደንብ የሚታየው ሽምብራና ባቄላ ላይ ነው። ዶሮ ወጥ ግን እኔ በጭራሽ!

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። ማታ መብራት ካልሄደ እሞክረዋለሁ።