ጠርዙ የማይለይ የቅጠል ቅሪተ አካል እንዴት ይቆጠራል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነው። ከሐይቅ ደለል ድንጋይ የወጡ ቅጠሎችን በጠርዛቸው ለይቼ የጥንቱን ሙቀት ላሰላ ስል አራት ዓይነቶች ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

የእንጨታማ ባለሁለት ክክ ዕፅዋት ዓይነቶቹ 27 ናቸው፤ 17ቱ ጠርዛቸው ድፍን (ጥርስ አልባ)፣ 6ቱ ጥርሳም፣ 4ቱ አጠራጣሪ። የተጠቀምኩት የታወቀውን ቀመር ነው፦ አማካይ ዓመታዊ ሙቀት = 30.6 × የድፍኖቹ ድርሻ + 1.14። አራቱን ጥርሳም ብል 20.4 ዲግሪ፣ ድፍን ብል 24.9፣ ጭራሽ ባወጣቸው 23.8 ይመጣል። በናሙና ማነስ ብቻ የሚመጣው ስህተት 2.8 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በ10 እጥፍ ማጉያ፣ የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጌ አይቻቸዋለሁ። እውነተኛ ጥርስ ውስጥ ጅማት ይገባል፤ በተቀደደ ጠርዝ ላይ ጅማቱ ድንገት ይቆረጣል፤ ተባይ የበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ጠባሳ አለው። በአራቱ ላይ ግን ቀጫጭኖቹ ጅማቶች አልታተሙም። ድፍኑ 1፣ ጥርሳሙ 0 ተብሎ ሲቆጠር፣ መሃሉን 0.5 መስጠት አንድ ዝርያ ሁለቱንም ጠርዝ ሲያሳይ እንጂ ለጥርጣሬ የሚሆን አይመስለኝም። ላውጣቸው ወይስ ሁለቱንም ጫፍ ላቅርብ?

ሌላም አለ። ውሃ ዳር የሚበቅሉ ዕፅዋት ጥርሳም ስለሚበዙባቸው ውጤቱን ወደ ቅዝቃዜ ይጎትታሉ። የሐይቅ ደለል ላይ ይህን የምታርሙት በምንድን ነው? ከቅጠል ስፋት የሚሰላውን የጥንቱን ዝናብማ ገና አልነካሁትም፤ ትልልቆቹ ቅጠሎች ግማሻቸው ስለጠፋ ስፋታቸው አንሶ፣ ዝናቡም አብሮ አንሶ ይወጣል። ከዋናው ጅማት በሚወጡት የጎን ጅማቶች ርቀት የሙሉውን ቅጠል ስፋት የገመተ ካለ አሠራሩን ይጻፍልኝ።