«የሙቀት መዋዠቅ» ወይስ «ሙቀት ወለድ መዋዠቅ»?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰላም ወገን። ስለ ሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ኪሳራ ስለሚያሳልፍ ቁስ) አንድ ጽሑፍ ስተረጉም «የሙቀት መዋዠቅ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የፊዚክስ ሰው አይቶ «ተሳስተሃል» አለኝ። ዋጋ ይዋዥቃል፣ መብራት ይዋዥቃል፤ ሙቀት ቢዋዥቅ ምን አለበት?

ወለላ፦ ሰውየው ልክ ነው። «የዋጋ መዋዠቅ» ስንል ከፍ ዝቅ የሚለው ራሱ ዋጋው ነው። አንተ ጋ ግን ሙቀቱ ባለበት ቆሟል፤ ሥራው ሌላውን መነቅነቅ ነው። እስቲ ሽሮ አስብ። እሳቱን አልጨመርክም፣ አልቀነስክም። ሽሮዋ ግን እዚህ ቡልቅ፣ እዚያ ቡልቅ እያለች ትንተከተካለች። «ውሃ ወለድ በሽታ» እንል የለ? «ሙቀት ወለድ መዋዠቅ» በለው።

ፊደል ቆጣሪ፦ እሺ፣ ታዲያ የሚነቀነቀው ምንድን ነው?

ወለላ፦ አዙሪቶቹ! መግነጢሳዊው መስክ ጠንከር ሲል በቀጫጭን ክሮች ሆኖ ወደ ሱፐርኮንዳክተሩ ሰርጎ ይገባል። በየክሩ ዙሪያ ኤሌክትሪክ ይሽከረከራል። አዙሪት የሚባለው እሱ ነው። የፊዚክስ ሊቁ አብሪኮሶቭ እ.ኤ.አ. በ1957 አዙሪቶቹ በሥርዓት እንደሚሰለፉ በስሌት አሳየ። ከመዳብ ኦክሳይድ በተሠሩት ሱፐርኮንዳክተሮች ውስጥ ግን ሙቀቱ ይነቀንቃቸውና ሰልፉ ይበተናል። ይህን «ቀለጠ» ይሉታል። ቁሱ እኮ ድንጋይ እንደሆነ ነው፤ የቀለጠው ሰልፉ ነው። አዙሪቶቹ ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተቱ፣ ያለ ኪሳራ ይፈስ የነበረው ኤሌክትሪክ መባከን ይጀምራል።

አባ ግስ፦ እኔን ያሳቀኝ እነዚህን የመዳብ ኦክሳይዶች «የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር» ማለታቸው ነው። የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይዱ የሚሠራው ከ93 ኬልቪን በታች ነው አሉ። ይኼ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው! ይህ ሙቀት ከተባለ የደብረ ብርሃን ብርድ ምን ሊባል ነው?

ወለላ፦ አይሳቁ አባ፣ ነገሩ ንጽጽር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ እ.ኤ.አ. በ1911 ሆላንድ፣ ሌይደን ላይ ሜርኩሪን ሲፈትን 4.2 ኬልቪን ድረስ መውረድ ነበረበት። ከዚያ አንጻር 93 በጋ ነው። ለማቀዝቀዝም በ77 ኬልቪን የሚፈላው ፈሳሽ ናይትሮጂን ይበቃል። ግን ጣጣም አለው፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ንቅነቃውም ይበረታል።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ሱፐርኮንዳክተር»ንስ «ልዕለ አስተላላፊ» ልበለው?

አባ ግስ፦ ተወው። ልዕለ ኃያል የመጣ ነው የሚመስለው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሃሃ! እንግዲህ እንዲህ አስተካከልኩት፦ «የአዙሪቶቹ ሰልፍ በሙቀት ወለድ መዋዠቅ ይቀልጣል።» ሽሮዋን በቅንፍ ልጨምራት?

ወለላ፦ ጨምራት እንጂ!