ስለ መነሣትና ስለ መጀመር የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፤ ከደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን ከተማ የ11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቢጊን» እና «ስታርት» የሚሉትን ቃላት ከታችኛው ክፍል ጀምረው ያውቋቸዋል፤ የሚቸገሩት በፈሊጦቹ ነው። «ስታርት ፍሮም ስክራች» ሲባል መቧጨርን ያስባሉ፤ «ጃምፕ ዘ ገን» እና «ሄድ ስታርት» ደግሞ ሁለቱም ቀድሞ መጀመርን ስለሚነኩ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባሉ። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስሸምደድ ከፈተና ያለፈ ፋይዳ ስለሌለው፣ በዚህ የሠራችሁ መምህራን ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።

መልስ፤ ከደብረ ሲና

ጤና ይስጥልኝ መምህር። የጠቀሷቸው ሦስቱም ፈሊጦች ከውድድር ሜዳ የወጡ ናቸውና ወደዚያው መልሰው ያስተምሯቸው። «ስክራች» መሬት ላይ ተጭሮ የሚሠመር የመነሻ መስመር ነበር፤ ደከም ያሉት ሯጮች ከፊት እንዲነሡ በሚፈቀድበት ውድድር፣ ምንም ብልጫ ያልተሰጠው ሯጭ ከዚያ መስመር ይነሣል፤ ከባዶ ተነሥቶ መጀመር የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚህ ነው። «ሄድ ስታርት» የፈረስ እሽቅድምድም ቃል ሲሆን በአንድ የፈረስ ራስ ርዝመት ያህል መቅደምን ያሳያል፤ የመንዝና የተጉለት ልጅ ደግሞ ለፈረስ እንግዳ አይደለም።

«ጃምፕ ዘ ገን» ግን ጥፋት ነው፤ የማስጀመሪያው ሽጉጥ ሳይተኮስ መነሣት ማለት ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ ዩሴይን ቦልት በ100 ሜትር ፍጻሜ ከተኩሱ ቀድሞ በመነሣቱ ከውድድሩ ወጥቷል። ይህን ቪዲዮ ያየ ተማሪ ሁለቱን ፈሊጦች ዳግመኛ አያደባልቅም፤ ክረምቱን ሲያነብ የከረመ ተማሪ «ሄድ ስታርት» አለው፤ ውጤት ሳይለጠፍ አለፍኩ ብሎ ለዘመድ ያበሰረ ግን «ጃምፕ ዘ ገን» አድርጓል።

መልስ፤ ከአንኮበር

በተባለው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ተማሪ በጽሑፍ ላይ ይበልጥ የሚሳሳተው እንደ «ሴት ኦፍ»፣ «ሴት አውት» እና «ሴት አባውት» ባሉት ግሦች ይመስለኛል። የጣርማ በር ጭጋግ ሳይገፍ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ተነሣን ለማለት ከሁለቱ መጀመሪያዎች የትኛውም ይሆናል። ዓላማ ይዞ መነሣትን ስንገልጽ ግን «ሴት አውት» እንላለን፤ ቀጥሎም «ቱ» እና ግሱ ይገባሉ። «ሴት አባውት» አንድን ሥራ በትጋት መያያዝ ሲሆን ተከታዩ ግስ «ኢንግ» የሚለውን መጨረሻ ይፈልጋል። «ሴት ኦፍ» ከጉዞ ውጭ ደወልን ማስጮህ ወይም ፈንጂን ማፈንዳትም ስለሚሆን፣ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ካልሆነ ትርጉሙ አይለይም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መኪና ለማስነሣት ምንጊዜም «ስታርት» እንጂ «ቢጊን» አይባልም።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታሪካቸው የሚረዳቸውን እነዚህን ሦስቱን ከነሜዳቸው አስቀድማለሁ። ግን «ኪክ ኦፍ» እና «ጌት ዘ ቦል ሮሊንግ» የሚሉትም እንዲህ ማብራሪያ ይሻሉ?

መልስ፤ ከሸዋ ሮቢት

አይሹም፤ ኳስ የሚያውቅ ልጅ ራሱ ይደርስባቸዋል። የሚያስፈልገው አጠቃቀማቸውን መለየት ብቻ ነው፤ «ኪክ ኦፍ» ለስብሰባና ለዝግጅት መክፈቻ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ማንም ያልደፈረውን ውይይት ወይም ሥራ አንድ ሰው ሲያስጀምረው ይነገራል። ሁለቱም ለንግግር የሚመቹ ስለሆኑ በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ባይጽፏቸው ይሻላል።