አኩፕላሰር የሚባለውን የኮሌጅ ምደባ ፈተና እየተፈተንሁ መብራት ጠፋብኝ፣ እባካችሁ ቶሎ!

የማርቆስ ልጅ፦ የሚያውቅ ካለ ቶሎ ይመልስልኝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። ፈተናው ላይ ተቀምጬ ዝናቡ ጣለና መብራቱ ድርግም አለ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ሂሳቡ ላይ 11ኛው ጥያቄ ጋ ደርሼ ነበር። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ፣ በካሜራ የምትቆጣጠረኝ ሴትዮም ጠፋች። ላፕቶፑ 31 ፐርሰንት አለው። ወደቅሁ ማለት ነው? የፈተናው መግቢያ ቁጥር፣ ቫውቸሩስ ተቃጠለ? የኮርስ ምዝገባው ሳምንት ነው። አሁን 12 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ መሽቷል፣ ቢሯቸው ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም።

ደጀን በር፦ ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪው።

ባለ ቡሬ፦ የምን ፈተና ነው እህቴ? ሪሚዲያል ከሆነ ግቢሽ ሄደሽ ሬጅስትራሩን አናግሪ።

የማርቆስ ልጅ፦ ሪሚዲያል አይደለም፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ነው። አባቴ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ ቪዛዬ ወጥቶ በነሐሴ እሄዳለሁ። ኮርስ ከመመዝገብሽ በፊት እንግሊዝኛና ሂሳብ ተፈተኚ አሉኝ። ቫውቸሩን በኢሜይል ላኩልኝና ቤቴ ሆኜ ጀመርሁ። እንግሊዝኛውን ጨርሻለሁ።

ጮቄ ሥር፦ ዝናቡ እኮ ከጮቄ የወረደው አብሮሽ ሊፈተን ነው። አይዞሽ እህቴ። በስልክሽ ዳታ ሆትስፖት ክፈቺና ኢንተርኔቱን መልሺው። ከከፈትሽ በኋላ ግን ስልኩን ከጠረጴዛው አርቂው። ካሜራው ፊት ስልክ ካዩ ሌላ ጣጣ ነው።

መምህር ነኝ፦ ልጄ፣ መብራቱ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጆቻችን ምደባ ብቻ ነው ሲባሉ አንድ ቀን እንኳ ሳያጠኑ ይገባሉ። ክፍልፋይን ከ7ኛ ክፍል ወዲህ በእጁ ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ካልኩሌተር ይጠብቃል። እዚያ ግን ካልኩሌተሩ ብቅ የሚለው ኮምፒውተሩ በፈቀደው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፣ የራስን ይዞ መግባት አይቻልም። አንዱ የሂሳብ ክፍል 20 ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ግማሹን አልፈሻል። ጥያቄው እንደ አመላለስሽ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ሲከብድሽ አትደንግጪ፣ የፊተኞቹን በደንብ መልሰሻል ማለት ሊሆን ይችላል። መዝለልም ወደ ኋላ መመለስም የለም። ሰዓትም አይቆጠርብሽም። በ12ኛ ክፍል ፈተና የለመድነው ሩጫ እዚህ ይጎዳል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሩጫ ጨርሶ ወጣና ለዲግሪው የማይቆጠር ሂሳብ ሁለት ሴሚስተር ከፍሎ ተማረ። ሲነግረኝ አዘንሁ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር።

የማርቆስ ልጅ፦ መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አሁን በዚች ሰዓት ምን ላድርግ ነው የምለው! 28 ፐርሰንት።

ደጀን በር፦ አጥፍተሽ አብሪው አልሁሽ እኮ። ለእኔ የሠራልኝ እሱ ነው።

አዊ ዳር፦ መጀመሪያ ወደቅሁ የሚለውን ቃል ተዪው። ይህ ፈተና ማለፍና መውደቅ የለውም። ውጤቱ ከ200 እስከ 300 ነው የሚሰጠው፣ ኮሌጁ እሱን አይቶ የትኛው ኮርስ እንደሚስማማሽ ይወስናል። ደግሞስ ለምን ትፈተኛለሽ? የ12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕትሽን አሳይተሻቸዋል? ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 2017 በወጣ ሕግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ተማሪን በዋናነት በሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ እንዲመድቡ ተደርጓል። ፈተናው የሚችሉትንም ልጆች ለዲግሪ የማይቆጠር ሪሚዲያል ኮርስ ውስጥ እየከተተ ስላስቸገረ ነው። መብትሽን ጠይቂ።

የቢቸና ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ ካሊፎርኒያ ሌላ ሜሪላንድ ሌላ። ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ በኋላ ትጠይቃለች። አሁን ልጅቷን አናዘናጋት።

አንቺ ልጅ፣ ቢሮው ዝግ ነው ያለሽ ማን ነው? እዚህ ሜሪላንድ ገና ጠዋት ነው! በዚህ ወቅት በ7 ሰዓት ነው የምትቀድሙን። ማርቆስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲል እዚህ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ነው፣ እነሱ 11:30 ይሉታል። ቢሯቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። አሁኑኑ ለፈተና ማዕከሉ ጻፊ። ስምሽን፣ የተማሪ ቁጥርሽን፣ የቫውቸሩን ቁጥር፣ የተቋረጠበትን ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር፣ ስንተኛው ጥያቄ ላይ እንደነበርሽ። አዲስ ቫውቸር ስጡኝ እንዳትይ፣ የጀመርሁትን ክፈቱልኝ በይ። እኔም ቤቴ ኢንተርኔት ሄዶብኝ ያውቃል፣ በዚያው ቫውቸር ስገባ ካቆምኩበት ጥያቄ ነው የቀጠለልኝ። የተጀመረ ፈተና በ14 ቀን ውስጥ ተመልሶ መጨረስ ይቻላል። ደግሞ የፈተናውን ስክሪን ፎቶ እንዳታነሺ! ጥያቄ የሰረቅሽ ይመስላቸዋል።

የማርቆስ ልጅ፦ እንዴ፣ እኔ እኮ እዚህ ስለመሸ እዚያም የመሸ መስሎኝ ነው! በሆትስፖቱ አሁን ጻፍሁ። አባቴንም ደውልላቸው ብዬዋለሁ። 22 ፐርሰንት።

የቢቸና ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጎሽ የኔ እናት። በይ ላፕቶፑን አሳርፊው፣ መልሱን በስልክሽ ጠብቂ።

ጮቄ ሥር፦ ነገም ከዘነበ እንዳትቸገሪ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ብትይዢ ይሻላል። ካፌው ውስጥ ግን አይሆንም፣ ፈታኟ ሌላ ሰው ካየች ታስቆምሻለች። ለብቻሽ ክፍል ያዢ፣ በሩን ዝጊ፣ አስተናጋጆቹም እንዳያንኳኩ ንገሪያቸው። የመኝታ ክፍል ከተወደደብሽ እኔ ጋ ነይ፣ ባትሪ አለን፣ እናቴም ቤት ናት።

የማርቆስ ልጅ፦ ኢሜይልሽ ደርሶናል፣ እያየነው ነው ብለው መለሱ። እግዜር ያክብራችሁ።

ባለ ቡሬ፦ ወንድሜም በመስከረም ወደዚያው ይሄዳል። ምን ያጥና? የሚሸጥ መጽሐፍ አይቻለሁ፣ ውድ ነው።

የቢቸና ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አትግዛ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ነፃ መለማመጃ ድረ ገጹ ላይ አለው። በክፍልፋይ፣ በፐርሰንትና በቀላል እኩልታ ይጀምር፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ኮሌጁ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆኑ የተዘጋጀውን፣ ኢኤስኤል የሚባለውን ሊሰጠው ይችላል። እሱ ማዳመጥም ሊኖረው ስለሚችል የትኛው እንደሚሰጠው አስቀድሞ ይጠይቅ። የጆሮ ማዳመጫ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነም አብሮ ይጠይቃቸው።