«ለጅማ አንድ ቀን ይበቃታል» ስለተባለው

የጅሬን ልጅ፦
ትናንት በዚሁ ቡድናችን ወደ ጅማ ለመዛወር ያሰቡ አንዲት እኅት፣ ቤትና ትምህርት ቤት አይቶ ለመወሰን ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ጠይቀው ነበር። «ባለ ሻንጣው» በሚል ስም የሚጽፉት ወንድም «ለጅማ አንድ ቀን ይበቃታል» ብለው በአንድ መስመር ጨረሱት። እኔን ያስቆጣኝ የቀኑ ማነስ አይደለም፤ «ይበቃታል» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ለሕፃን ወጥ ሲጨለፍለት የሚባል እንጂ፣ የጅማ ነገሥታት መናገሻ ስለነበረችና ዛሬም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስለያዘች ከተማ የሚነገር አይደለም።

ባለ ሻንጣው፦
ወንድሜ፣ ሰዋስው ቢመለከቱ ኖሮ ባልተቆጡ ነበር። «ይበቃታል» ያልሁት ጠያቂዋን ነው፤ ጅማን ለማየት አንድ ቀን ይበቃታል ማለቴ ነው። ይህንንም የምለው ሠርቼበት ነው። ባለፈው ጥር በማለዳ በረራ መጥቼ እስከ ቀትር በኮቺና በጊንጆ ሰፈሮች አራት ቤቶች አየሁ፤ ከቀትር በኋላ ሁለት ትምህርት ቤቶችን አነጋገርሁ፤ አመሻሽ ላይ የጅማው መርካቶ ገብቼ የጤፍና የአትክልት ዋጋ ጠየቅሁ። ከተማዋ በባጃጅ ከዳር እስከ ዳር የምትዳረስ ስለሆነች የተዘጋጀ ሰው ቀኑ አያንሰውም።

የጅሬን ልጅ፦
ጠያቂዋን ከሆነ ደግሞ ባሰ። የማያውቋቸውን፣ በ«እርስዎ» የጠየቁዎትን ሴት «ይበቃታል» ይሏቸዋል እንጂ «ይበቃቸዋል» አይሉም? ስለዚህ ወይ ከተማዋን አቃልለዋል፣ ወይ እኅታችንን «አንቺ» ብለዋል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

ቦሳ ቂጦ፦
ሰዋስዉን ለእናንተ ትቼ «ባለፈው ጥር» የሚለውን ላንሳ። በጥር የመጣ ሰው ጅማን አይቷል ለማለት ይከብደኛል። እዚህ ዝናቡ በበልግ ይጀምርና እስከ ጥቅምት አካባቢ ይዘልቃል፤ በጥር ደረቅ የሆነው የሰፈር መንገድ በሐምሌ ባጃጁን ጭቃ ላይ አስቁሞ ተሳፋሪውን በእግር ያስኬዳል። እኔ ራሴ ከሰባት ዓመት በፊት በየካቲት ፀሐይ አይቼ የወደድሁት ቤት፣ በሰኔ ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጥቦ የልጆቼን ፍራሽ አሻገተው። ያን ቀን ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ራቅ አድርጌ ብመለከት ኖሮ የአምናው እርጥበት የተወውን መስመር አየው ነበር። ባለ ሻንጣው አራቱን ቤቶች ሲያዩ ከቁም ሣጥን ጀርባ ተመልክተዋል?

ባለ ሻንጣው፦
አልተመለከትሁም፤ ቢሆንም ይህ የአንድ ቀንን ማነስ አያሳይም። ቁም ሣጥን ማንቀሳቀስ አምስት ደቂቃ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
እንደ እኔ ሐሳብ ጠዋቱ መጀመር ያለበት ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ከመሀል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከላይ ተቀምጠው ገበያው ግን ታች ሂርማታ በሚባለው ሰፈር ነበር፤ ጣሊያንም በአገራችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ብዙ የሠራው እዚያው ታች ነው። ከኮረብታው ሆነው ሲያዩ የአዌቱ ወንዝ በመሀል ሲያልፍ፣ ቦዬ ረግረጉ ሲተኛ ይታያል፤ ውኃ ወዴት እንደሚወርድና የትኛው ሰፈር እንደሚቀበለው ያን ጊዜ ይገባዎታል።

ቦሳ ቂጦ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቤት ፈላጊን ሙዚየም ማስጎብኘት የጠዋቱን ግማሽ መብላት ነው። ጠዋት ሊጠየቅ የሚገባው ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ነው፤ ይህንንም አከራዩን ሳይሆን ጀሪካን ይዘው የሚወጡትን ጎረቤቶች መጠየቅ ይሻላል። አከራይ «ሮቶ አለን» ይላል፤ ሮቶው ሞልቶ ያውቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ጡረተኛው መምህር፦
ሙዚየም አላልሁም፤ ኮረብታ ነው ያልሁት።

ጠያቂዋ፦
ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በዩኒቨርሲቲው ሥራ ስላገኘ ነው የምንመጣው። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ያገኘሁት ለአንድ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ይብቃኝም አይብቃኝም ያለኝ እሱ ነው። በአውቶቡስ ልምጣ ወይስ በአውሮፕላን?

የጅሬን ልጅ፦
እኅቴ፣ በአውቶቡስ ከሆነ አንድ ቀን የሚባል ነገር የለም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የጊቤን ቁልቁለት ወርደው ዳገቱን ወጥተው ሲደርሱ ቀኑ አጋምሷል። የ«ይበቃታል» ሒሳብ በአውሮፕላን ለሚመጡ ባለ ሻንጣዎች የተሰላ ነው።

ባለ ሻንጣው፦
ሻንጣዬን ምን አደረገዎት? እኔ ግን ቁም ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲው ብዙ ግቢ አለው። ከ1944 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የእርሻው ግቢ፣ ዋናው ግቢና የቴክኖሎጂው ቂጦ ፉርዲሳ አንድ ቦታ አይደሉም፤ ባለቤትዎ የሚመደቡበትን ሳያውቁ ቤት ማየት ከንቱ ድካም ነው።

ቦሳ ቂጦ፦
ይህስ ትክክል ነው። ከዚያ በላይ ግን ልጆች ካሉ፣ ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ይሁን በአማርኛ፣ በክፍላቸውም ቦታ ይኑር አይኑር አስቀድሞ በስልክ ይጠይቁ። እኔ ከደላላ ጋር ስዞር ውዬ ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቶ ነበር። ቀብድ ደግሞ በዚያው ቀን አይስጡ፤ ደላላው «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ባለ ሻንጣው፦
እኔ ቀብድ የሰጠሁት በዚያው ቀን ነው፤ አልተጸጸትሁም።

የጅሬን ልጅ፦
ክረምቱ ይግባና እንጠይቅዎታለን።

ጠያቂዋ፦
የልጄን ትምህርት ቤት ነገ እደውላለሁ። ለሐሙስ ትኬት ልቆርጥ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ሐሙስ መልካም መርጠዋል፤ ትልቁ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ሐሙስ ነው። ማሩንም ቡናውንም ባለ ሦስት እግሩን በርጩማም በአንድ ቦታ ያያሉ።

ቦሳ ቂጦ፦
ሐሙስማ አይሆንም! የገበያ ቀን ባጃጅ አይገኝም፣ መንገዱም ይጨናነቃል፤ ሰፈሩ በሌላው ቀን ምን ያህል ጸጥ እንደሚልም አያዩም። ማክሰኞ ያድርጉት።

ጡረተኛው መምህር፦
የሚኖሩባት ከተማ ስትጨናነቅም ልትታይ ይገባል።

ጠያቂዋ፦
እንግዲህ ሐሙስ ነው ወይስ ማክሰኞ?

የጅሬን ልጅ፦
ከቀኑ በፊት «ይበቃታል» ይታረም።

ባለ ሻንጣው፦
አላርምም። ከፈለጉ «ይበቃቸዋል» ብለው ያንብቡት።