ትናንት «አትውለዱ»፣ ዛሬ «ውለዱ»፦ የጅማ ልጆች ክርክር

የቆጪዋ እናት፦
ሰላም ናችሁ? ትናንት ማታ ያነበብኩት ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ቻይና ከ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ እስከ 2015 ድረስ «አንድ ልጅ ብቻ» ብላ ሁለተኛ የወለደውን ትቀጣ ነበር። በ2016 ሁለት ይቻላል አለች። በ2021 ሦስት። አሁን ደግሞ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉ በዓመት 3,600 ዩዋን ትሰጣለች፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ኮንዶምና የወሊድ መከላከያ ላይ 13 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጥላለች። ሕዝቡ ተናዷል። ኮንዶም ቢወደድ ልጅ ማሳደግ ረከሰ ማለት ነው እንዴ እያሉ ነው።

መንግሥት ሰውን «ውለድ» ብሎ መገፋፋት አለበት ወይ? እኔ የለበትም ባይ ነኝ። ሁለተኛዋን ልጄን አርግዤ የኪራይ ቤት ስፈልግ፣ ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ብር አለሽ ብሎ አልነበረም፤ ስንት ልጅ አለሽ ብሎ ነው። አንዷ አከራይ ክፍሉን አሳይታኝ ዋጋም ተስማምተን፣ ሆዴን ስታይ «ልጅ ግቢ ይረብሻል» ብላ መለሰችኝ። ሦስት ወር በዝናብ ዞርኩ። እዚህ አገር ማንም ውለዱ አላለንም፣ አውቃለሁ። ግን የእነዚያ ሰዎች ንዴት አጥንቴ ድረስ ገብቶኛል።

ጋሼ፣ ከጅሬን፦
ልጄ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። ሐሳብሽን ግን አልቀበለውም። እኔ በመምህር ደሞዝ ሰባት ወልጄ አሳድጌያለሁ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል። ጃፓንን ተመልከቱ፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር በ2024 የተወለዱት ሕፃናት ከ700 ሺህ በታች ናቸው። ተማሪ አጥተው የተዘጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፣ ባዶ ክፍል ማሰብ ይከብደኛል። ሽማግሌውን ማን ይጦራል? ጡረታ የሚከፈለው ወጣቱ ሠርቶ ሲያዋጣ ነው። መንግሥት ይህን እያየ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?

ባለባጃጁ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚባለው ድሮ ነው። እኔ 31 ሞላኝ። ለባጃጁ ባለቤት የቀን ገቢ አስረክቤ፣ ነዳጅ ቀድቼ፣ የቀረችው ለኪራይ ናት። እጮኛዬ አራት ዓመት ጠበቀችኝ። ልጅ ቀርቶ ሠርጉም አልደረሰም።

ሴኡል ያለሁት የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
እዚህ ኮሪያ ያለውን ልንገራችሁ፤ ስለ ውለዱ ከተነሳ ከዚህ የባሰ የለም። ሕዝብ ባለበት እንዲቆይ አንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ያህል ልጅ መውለድ አለባት ይባላል። እዚህ በ2023 እ.ኤ.አ. 0.72 ደረሰ። በ2024 ትንሽ ከፍ ብሎ 0.75 ሆነ። ከ2006 ጀምሮ መንግሥት ወሊድ እንዲጨምር ብሎ ከ280 ትሪሊዮን ዎን በላይ አፍስሷል። ገንዘብ አልጠፋም ማለት ነው። ግን ቤት ለመከራየት በአንድ ጊዜ ከባድ ማስያዣ ይጠይቁሃል፣ ልጁ ትምህርት ከጀመረ ከመደበኛው በኋላ በየማታው የግል ማስጠኛ ካልላክኸው ወደኋላ የቀረ ይመስልሃል፣ የሥራ ሰዓቱ አያልቅም፣ ሴቷ ካረገዘች ደግሞ የሥራ ዕድገቷ እዚያው ቆመ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ወልዳ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው አገኘች።

በጣም ያስቆጣቸው ግን ሌላ ነው። በ2016 መጨረሻ አንድ ሚኒስቴር «የወሊድ ካርታ» ብሎ አወጣ። በየወረዳው መውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ያሉ ስንት ሴቶች እንዳሉ በቀለም የሚያሳይ። ሴቶቹ እንደ ከብት ተቆጠርን ብለው ተነሱ። ካርታው ወዲያው ወረደ፣ ቁጣው ግን እስከ ዛሬ አለ። ብር የሚሰጥህ አካል አንተን እንደ ሰው ካላየህ ብሩ ልብህን አያራራውም።

ጋሼ፣ ከጅሬን፦
ካርታው ነውር ነው። እሱን አልደግፍም። ግን መንግሥት በነውር ስላደረገው ነገሩ ራሱ ስህተት ነው አይባልም። በደንብ ቢደረግስ?

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦
ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። ስዊድን ለአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ለሁለቱም ወላጆች ትሰጣለች፤ 90 ቀኑ ለአባት ብቻ፣ 90ው ለእናት ብቻ የተያዘ ነው። እኛ ጋ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ታርፋለች። አባት 3 ቀን! በ3 ቀን ገንፎው እንኳ አያልቅም፣ ባልየው ሥራ ገብቷል። ስለዚህ መንግሥት ሊያግዝ የሚችለው ነገር አለ ባይ ነኝ። እርግጥ ስዊድንም ውስጥ ወሊዱ እየወረደ ነው፣ እሱን አልክድም።

የቆጪዋ እናት፦
እሱ ላይ እስማማለሁ። ፈቃዱን ስጡን። ግን ለወለድነው ብላችሁ ስጡን፣ እንድንወልድላችሁ ብላችሁ አይደለም። ልዩነቱ ይገባችኋል አይደል?

የታሪክ መምህሩ፦
ልዩነቱ የገባቸውን ሩማንያውያንን ነው የምጠቅሰው። መሪያቸው ቻውሼስኩ በ1966 እ.ኤ.አ. ውርጃን ከለከለ፣ መከላከያም ከገበያ ጠፋ። በዓመቱ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከ1.9 ተነስቶ ወደ 3.7 ዘለለ፣ በአንድ ዓመት! ከዚያ ሴቶቹ በድብቅ ማስወረድ ጀመሩ፤ ቁጥሩ መልሶ ወረደ፣ በወሊድና በውርጃ የሚሞቱ እናቶች ግን በአውሮፓ አንደኛ ሆኑ። በ1989 አገዛዙ ሲወድቅ ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ተገኙ። ዛሬ ሃንጋሪ ያለ ማስገደድ ትሞክራለች፣ አራት ልጅ የወለደች እናት ዕድሜ ልኳን ከገቢ ግብር ነፃ ናት። በ2024 አማካዩ ከ1.4 በታች ነበር።

ሲስተር፣ ጤና ጣቢያ፦
ይቅርታ ተረኛ ስለነበርኩ ዘገየሁ። ሁሉንም አነበብኩት።

እኛ ጋ የተያዘው በተቃራኒው ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ አማካዩን ከ7.7 ወደ 4 ማውረድ ብሎ ነው የተነሳው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ኦሮሚያ 5.4 ነበር፣ አዲስ አበባ 1.8። አዲስ አበባን ልብ በሉ። ኪራዩና ኑሮው፣ የሴቶቹ መማርና ዘግይቶ ማግባቱ ነው ያወረደው። ነገ እዚህም ይመጣል፣ ባለባጃጁ እኮ ነገረን።

ከሰቃ፣ ከማና፣ ከዴዶ የሚመጡ እናቶች አሉ። ብዙዎቹ የወሊድ መከላከያ መርፌውን ይመርጣሉ። ለምን? በሦስት ወር አንዴ ነው፣ ምልክት የለውም፣ ባል አያየውም። ካርዷን ቤት አትወስደውም፣ «እናንተው ጋ ይቀመጥልኝ» ትለኛለች። አንዷ ስድስተኛዋን ወልዳ ደም ፈሷት ለጥቂት የተረፈች ናት። በዚያው ቀን ደግሞ ስምንት ዓመት ልጅ አጥታ «መካን» እየተባለች የምትሰደብ ሴት ትመጣለች። ለእሷ ያለኝ መልስ «አዲስ አበባ ሂጂ» ነው። በምን ብሯ? እንባዋን ጠርጋ ትወጣለች። ሪፖርት ስሞላ የመርፌው ዓምድ አለ፣ የእሷ ዓምድ የለም። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ቀንሱም ሲሉ ጨምሩም ሲሉ የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው። አንዷ መጥታ «አንቺ ስንት ትፈልጊያለሽ?» ተብላ አትጠየቅም።

ጋሼ፣ ልጠይቅዎትና አይቀየሙኝ። ሰባት ወልጄ አሉ። እትዬስ ስንት ይፈልጉ ነበር?

ጋሼ፣ ከጅሬን፦
ሲስተር፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ደስተኛ ናት። ልጆቿ ሁሉም ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል።

ሲስተር፣ ጤና ጣቢያ፦
እሱንማ አልጠራጠርም ጋሼ። እኔ የጠየቅኩት ስንት እንደፈለጉ ነው።

ባለባጃጁ፦
ጋሼ ዝም አሉ። ሲስተር፣ ምናለ ብትተዪያቸው።

ጋሼ፣ ከጅሬን፦
አልተቀየምኩም። ቡና እያፈላች ስለነበር እሷ ጋ ሄጄ ነው።

ጠየቅኳት። መጀመሪያ ምን ነካህ አለችኝ። ደግሜ ስጠይቃት ረከቦቱ ላይ እንዳቀረቀረች «አራት ይበቃኝ ነበር» አለች። ከአራተኛው በኋላ ወገቧን ታማ እንደነበር ነገረችኝ፣ እኔ አላስታውሰውም። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «መች ጠየቅኸኝ» አለች።

ሃምሳ ዓመት አብረን ኖረናል። ዛሬ ነው የጠየቅኳት።